ወይዘሮዋ ከጣሪያ የወረደችበት ወቅት

ጥር 5

አፌን በቆረጠው። ዛሬ በስብሰባ መሃል፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ በገዛ አፌ ራሴን አሰርኩ።

ባለፈው ሳምንት ከዕፅዋት ማዕከላችን ሞቃት ቤት ጣሪያ አንድ መስታወት ተገንጥሎ የችግኝ መደቡ ላይ ተከሰከሰ። እግዜር ሲያወጣን ከሥሩ ሰው አልነበረም። ኃላፊው ባለሙያ አስመጥተው ሲያስፈትሹ የጣሪያውን ብረት ዝገት በልቶ ጨርሶታል። ዝናብ ሳይገባ ጣሪያው ሙሉ በሙሉ ተነሥቶ በአዲስ ይተካል አሉን። ጥሩ። እኔም እንደ ሰው ራሴን ነቀነቅኩ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው እየጠረጉ፣ «ብረቱ ላይ የተጠመጠመውን ሐረግ ከሥሩ ቁረጡት፤ መልሶ ያድጋል» አሉ።

መልሶ ያድጋል! ወይዘሮዋ!

ስናደድ ነገር ስለሚጠፋኝ ረጋ ብዬ ልጻፈው። ወይዘሮዋ ከሩቅ የሞቃት ደን አገር በዘር የመጣች ሐረግ ናት። የተከለቻት ከእኔ በፊት የነበረችው አትክልተኛ ስትሆን፣ ጡረታ ስትወጣ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀምጣ «ሌላው ይሁን ግድ የለም፣ እሷን ብቻ አደራ» ብላኝ ሄደች። «ወይዘሮዋ» ያልናት ምንም ነገር ስለማይስማማት ነው። ብርድ አይስማማት፣ ነፋስ አይስማማት፣ የቧንቧ ውኃ እንኳ ሳያድር ከሰጧት ታኮርፋለች። ቅርንጫፏን ቆርጠን ስንተክል ይበሰብሳል፤ ስንቴ ሞከርነው። ያለችን አንድ እሷ ብቻ ናት። አበባዋን በሥዕል እንጂ በዓይናችን አይተን አናውቅም።

በዚህ ሳምንት ግን፣ መስታወቱ በወደቀበት ቀዳዳ በኩል ቀና ብዬ ሳይ፣ ከቅጠሎቿ መሃል እንደ ገመድ የተንጠለጠሉ ነገሮች አየሁ። በየገመዱ ላይ አተር የሚያካክሉ እንቡጦች ተደርድረዋል።

ታዲያ እንዴት ዝም ልበል? «አትቆረጥም! ሙሉዋን አውርጄ ሙሉዋን መልሼ እሰቅላታለሁ» አልኩ።

«ብትሞትስ?» አሉ ኃላፊው፤ በቁጣ አይደለም፣ እንዲያው ለማወቅ ያህል።

«ብትሞት ሞቃቱን ቤት ለሌላ ሰው ይስጡት፤ እኔን አጥር ከሚከረክሙት ጋር ይመድቡኝ!»

ሰው ሁሉ ሰማ። መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና፣ «እሺ፤ ተስማምተናል» አሉ።

ማን ተስማማ?

ጥር 6

ለአክስቴ ነገርኳት። አክስቴ ዕድሜ ልኳን ልብስ ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት፤ መቀሷን አስቀምጣለች፣ ምላሷን ግን አላስቀመጠችም። «እንኳን አጥር፣ የገዛ ፀጉርሽንም በቅጡ አትከረክሚ» አለችኝ። ሳቅን። ቆየት ብላ ግን፣ «ያንን ቤት ከነጠቁሽ ምን ትሆኛለሽ?» አለች።

ጠዋት የዚያን ቤት በር ከፍቼ ሙቀቱ ፊቴን ሲመታኝ ብቻ ነው ለአንድ ነገር የምረባ ሰው መሆኔ የሚሰማኝ። ይህንን ለአክስቴ አልነገርኳትም።

ጥር 10

አዲሱን ጣሪያ የሚሠራው በያጅ መጣ፤ ሁለት ረዳቶችና አንድ መኪና ሙሉ ብረት ይዞ። ረዳቶቹ «ድመቱ» ይሉታል። ለምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ የሻይ ብርጭቆ በእጁ እንደያዘ ባዶ ብረት ላይ ይራመዳል፣ ያውም ሰፈሩ ውስጥ እንደሚንሸራሸር ሰው። ወንበር ላይ ቆሜ አምፖል መቀየር የምፈራ እኔ፣ ከታች ሆኜ ሳየው አጠገቤ ያለውን ምሰሶ ጨብጬ ያዝኩ።

ወይዘሮዋን ዞር ዞር ብሎ አያትና፣ «ይህ ሁሉ ጣጣ ለአንድ ሐረግ ነው?» አለኝ።

«ለአንዲት ሐረግ» አልኩት።

«ይቅርታ፤ ለአንዲት ሐረግ።»

ፈገግ እንኳ አላለም። ይቀልድ አይቀልድ አይታወቅበትም። እንዲህ ዓይነት ሰው አልወድም።

ጥር 17

አወረድናት።

አክስቴ ለዓመታት ያጠራቀመችውን ቁርጥራጭ ጨርቅ በሁለት ከረጢት ሞልታ ሰጥታኝ ነበር። ገመድ ልጧን ይልጥባታል፤ ጨርቅ ይለሰልሳል። በያጁ ከላይ ሆኖ ክንዶቿን ከብረቱ ላይ አንድ በአንድ እየፈታ፣ በጨርቅ እያንጠለጠለ ቀስ አድርጎ ይለቃል። እኛ ከታች እጃችንን ዘርግተን እንቀበላለን። ውኃ አጠጪው ሽማግሌ፣ «ዝናቡ» የምንላቸው፣ «የልጅ ልጄን እንኳ እንዲህ ተጠንቅቄ አላቀፍኩ» እያሉ ሲያስቁን ዋሉ።

በያጁ ጓንቱን አውልቆ ነበር የሚፈታት። እኔ አልነገርኩትም፤ በራሱ ነው። አንድ የእንቡጥ ገመድ በሁለት ብረት መሃል ተቀርቅሮ አልወጣ ሲል፣ ብረቱን ቆርጦ ጣለው እንጂ እሷን አልነካም። «ብረቱ ለማንኛውም ሊጣል ነው» አለ። አያያዙ እንደዚህ ጥንቃቄ የተሞላበት ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። ሥራውን ይችላል፤ ያንን አልክድም።

አሁን ጥግ ላይ፣ ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተጋድማለች፤ በላይዋ የላስቲክ ድንኳን ሠርተንላታል።

አክስቴ እራት ላይ፣ «ስለ ሐረጓ ጠየቅኩሽ፣ ስለ በያጁ ነገርሽኝ» አለች። የነገርኳት ስለ ሥራው ነው።

ጥር 24

ጣሪያ የለም። ሰማይ ብቻ። ብርድ። ድንኳኑ ውስጥ ሁለት ማሞቂያ፤ አንዱ ተበላሸ፣ ተሠራ፣ ደግሞ ተበላሸ። ቅጠል ረገፈ። ኃላፊው እንዳያዩ ለቅሜ ከረጢት ውስጥ ደበቅኩት። በያጁ ስደብቅ አየኝ።

ጥር 30

ዝናቡ ለጥበቃው ሲያወሩ ሰማኋቸው። «አልቆላታል እኮ፤ ግን ማን ደፍሮ ይንገራት?» ስለ ወይዘሮዋ ይሁን ስለ እኔ እንጃ። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ አለፍኩ። መሣሪያ ክፍል ገብቼ ትንሽ አለቀስኩ። ትንሽ ነው።

ስመለስ ድንኳኑ ውስጥ ሌላ ማሞቂያ በርቷል፤ ትልቅ፣ ጥቁር፣ ከእኛዎቹ ሁለቱን የሚያስንቅ። በያጁን ጠየቅኩት። «ለቀለም ማድረቂያ ያመጣሁት ነው፤ ለጊዜው ሥራ ፈትቷል» አለ።

ቀለም የሚቀባው ገና ከሳምንት በኋላ ነው። ቀደም ብሎ ቢያመጣው ምን አለበት፤ ጥንቁቅ ሠራተኛ ነው።

የካቲት 11

ተመለሰች! አዲሱ ብረት ቆሟል፣ መስታወቱ ገብቷል፣ ወይዘሮዋ ከላይ ናት። ሦስት የእንቡጥ ገመዶች ተርፈዋል።

ትንሽ ብቻ ተናደድኩ። ሳናወርዳት በፊት ወለሉ ላይ ተጋድሜ አጠማዘዟን አይቼ ይዤ ነበር። እንደ እሷ ያለ ሐረግ ሁሉ የሚዞርበት አንድ አቅጣጫ አለው፤ አይለውጥም። ስለዚህ በያጁ ከላይ ሆኖ የመጀመሪያዋን ለጋ ክንድ ሲያነሳ፣ ከታች ሆኜ «በሰዓት አቅጣጫ ያዙሯት!» ብዬ ጮህኩ።

አቀርቅሮ አየኝና፣ «በማን ሰዓት?» አለ።

ረዳቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ፊቴ ቲማቲም መሰለ። «ሰዓት ሰዓት ነው! የእርስዎ ለብቻው ይዞራል እንዴ?» አልኩት።

«እሺ። እርስዎ ካሉ» አለና ሥራውን ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ቃል አልተናገረም። ጥሩ አደረገ።

የካቲት 16

ከለጋ ጫፎቿ ጥቂቶቹ ከብረቱ ላይ ተፈትተው አደሩ። አዲሱን ብረት ገና አልለመደችውም። አሳሰርናቸው።

የካቲት 21

ደግሞ ተፈቱ። ጠበቅ አድርገው እንዲያስሯት አዘዝኩ።

አንድ የእንቡጥ ገመድ ረገፈ። ወለሉ ላይ ተበትኖ ነው ያገኘሁት። ሁለት ቀሩ።

የካቲት 25

ጨርቁ ያረፈበት ልጧ ቆስሏል። ቅጠሏ ቢጫ ሆነ። ሁለተኛውም ገመድ ረገፈ። አንድ ብቻ ቀረ።

ዛሬ ራሴን መግዛት አቃተኝ። ሰው ሁሉ ፊት፣ «ቀለምዎ ነው የሚገድላት! ሽታው ሌላ ዕፅዋትም ይገድላል!» ብዬ በያጁ ላይ ጮህኩበት። ረዳቶቹ አቀረቀሩ። ከዚያ ሌሎቹን ዕፅዋት ስዞር አንዳቸውም ምንም አልሆኑም። አንዳቸውም። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

የካቲት 27

እሑድ ነው፤ እኔ ውኃዋን ላጠጣት ገባሁ። በያጁ ለብቻው ከላይ ተቀምጦ ብረቱን በሳሙናና በስፖንጅ ያጥባል። አግዳሚውን ሁሉ፣ ከዳር እስከ ዳር።

«ዛሬ እኮ ዕረፍት ነው» አልኩት።

«ሽታው እንዲለቅ ነው።»

ያልኩትን ልመልሰው ፈለግኩ። በዚያ ፈንታ ሻይ አምጥቼ ከመወጣጫው ሥር አስቀመጥኩለትና ሄድኩ።

መጋቢት 1

ኃላፊው መጡ። ቀና ብለው አዩዋት። «እስከ ወሩ አጋማሽ እንይ። ከዚያ እንነጋገራለን» ብለው ትከሻዬን መታ አደረጉኝ። ያ መታ ማድረግ ነው ቅስሜን የሰበረው። አጥር ከርካሚዎቹ በመስኮት ሲያልፉ አየኋቸው፤ ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ሲሳሳቁ ነበር። ከእነሱ ጋር መሥራት ክፉ አይደለም ብዬ ራሴን ለማሳመን ሞከርኩ። አልሆነም።

መጋቢት 3፣ ማታ

ዛሬ ብዙ ነው የምጽፈው።

ጠዋት ስገባ ትናንት የታሰሩት ጫፎች በሙሉ ተፈትተው አየር ላይ ተንጠልጥለዋል። አንገቴ እስኪቆለመም ቀና ብዬ ሳያቸው፣ በያጁ ከላይ ሆኖ፣ «ከዚያ ሆነው አይታይዎትም። ወጥተው ይዩ» አለኝ።

«አልወጣም።»

«ለምን?»

«ሥራ አለኝ።»

«ሥራዎ እዚህ ነው ያለው።»

ለዚህ ምን ይመለሳል? ወጣሁ። መወጣጫው ይወዛወዛል፤ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። እሱ ወርዶ ከኋላዬ ሆኖ «አሁን ቀኝ እግር፤ ቆይ፤ አሁን ግራ» እያለ አደረሰኝ። ጫፉ ላይ ስደርስ፣ «ያዘኝ! እንዳትለቀኝ!» ብዬ ጮህኩ፤ ዝናቡ ከታች «ምን ሆነች?» ሲሉ ሰማሁ። ክንዴን ይዞኛል። አልለቀቀኝም።

ዓይኔን ስገልጥ ወይዘሮዋ ከሥሬ ናት። በዚህ ሁሉ ዓመት ከላይ አይቻት አላውቅም። የተፈታ አንድ ለጋ ጫፍ ከፊቴ ነበር። በሁለት ጣቴ ይዤ፣ እንደታሰረችበት አድርጌ ብረቱ ላይ ጠመጠምኳት። ስለቃት እየተፈታች ወደ ሌላኛው ወገን ጎበጠች። ደግሜ ጠመጠምኳት፤ ደግማ ተፈታች፤ እንደምታኮርፍ ልጅ።

«በሰዓት አቅጣጫ ነው የምትዞረው» አልኩ፤ ለራሴ ነው። «እዚያ ሆኜ በዓይኔ አይቻለሁ።» ሁልጊዜ የምቆምበትን ወለል ወደ ታች እያየሁ በጣቴ አየር ላይ ዞርኩ። ጣቴ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ።

ሰዓት በመስታወት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ የሰዓቱም ጀርባ መስታወት ቢሆን፣ ከጠረጴዛው ሥር ገብቶ ለሚያየው ሰው ዘንጉ ወደ ኋላ ነው የሚዞረው። እኔ ከታች ወደ ላይ እያየሁ አዘዝኩ። እሱ ከላይ ወደ ታች እያየ ታዘዘ። ሁለታችንም «በሰዓት አቅጣጫ» አልን፤ ወይዘሮዋ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተገልብጣ ታሰረች። እሷ ራሷን ልትፈታ ስትታገል እኔ ጠበቅ አድርጉ እላለሁ። ያቆሰላት ቀለሙ አይደለም። እኔ ነኝ።

«በማን ሰዓት ያልከኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር» አልኩት።

«የምሬን ጠይቄ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ደግመህ አልጠየቅከኝም?»

«ተቆጥተው ነበራ» አለ። ቆየት ብሎ፣ «መጠየቅ ነበረብኝ። እኔም አኩርፌ ነው» አለ።

ይቅርታ ልለው ይገባ ነበር። የወጣኝ ቃል ግን «ጨርቁን አቀብለኝ» ነው። አቀበለኝ። እዚያው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ በአንድ በኩል እያየን፣ ክንዶቿን እየፈታን መልሰን ስንጠመጥም ዋልን። ከሰዓት በኋላ ከታች ምን ያህል እንደራቅኩ ረስቼው ነበር።

አክስቴ ሁሉንም ከሰማች በኋላ የያዘችው ሌላውን ነው። «ቆይ፤ ‹ያዘኝ› ነው ያልሽው? ‹ይያዙኝ› አይደለም?»

«እዚያ ከፍታ ላይ ማን አክብሮት ያስታውሳል?»

«ከወረድሽ በኋላስ?»

ከወረድኩ በኋላም «አንተ» ስለው እንደዋልኩ አሁን ስጽፍ ነው ትዝ ያለኝ።

መጋቢት 5

ጨረስን። ለኃላፊው ሄጄ፣ «ስህተቱ የእኔ ነው፤ ከታች ሆኜ አዝዤ ነው» አልኳቸው። ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር። «ከታች ሆኖ ማዘዝ እንኳ አዲስ ነገር ነው፤ እስካሁን ከላይ ሆኖ የሚያዝ እኔ ብቻ ነበርኩ» አሉ። ስለ አጥሩ ግን ምንም አላነሡም።

መጋቢት 9

ያዘች! ጠዋት ስገባ አንድም ጫፍ አልተፈታም። እንዲያውም ትንሿ ከጨርቁ አልፋ፣ ማንም ሳይነካት፣ ብረቱን በራሷ ዞራዋለች። መወጣጫው ላይ ለብቻዬ ወጥቼ ነው ያየኋት። ለብቻዬ! በየደረጃው እየቆምኩ፣ ግን ወጥቻለሁ።

መጋቢት 14

በያጁ ሥራውን ጨረሰ። መወጣጫውን ፈታ፣ ጥቁሩን ማሞቂያ ጫነ፣ ሄደ። ጣሪያው ቢያፈስ እንድደውል ብሎ ስልኩን ሰጠኝ፤ የእኔንም መዘገበ። ለሥራ ነው።

ቤቱ ጸጥ ብሏል። ሥራ ያለ መዶሻ ጫጫታ ይሻላል።

መጋቢት 18

ቤቱ ጸጥ ብሏል።

መጋቢት 27

ያለችው አንዲት የእንቡጥ ገመድ ረዘመች። እንቡጦቿ ቆልመም ማለት ጀምረዋል። አዲስ ቅጠልም አወጣች፤ መጀመሪያ ሲወጣ ቡናማ፣ ከዚያ ብሩህ አረንጓዴ። ኃላፊው በየቀኑ «እንዲያው ሳልፍ» እያሉ ይገባሉ። በዚህ በኩል የሚያልፍ መንገድ የለም።

አክስቴ፦ «ጣሪያው አያፈስም?»

እኔ፦ «ዝናብ ሳይዘንብ ምን ያፈሳል?»

አክስቴ፦ «እንዲያው ለመጠየቅ ነው።»

ሚያዝያ 8

ተከፈተች።

ቀለሙን ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሰረዝኩ። አረንጓዴ ነው ስል ሰማያዊ ይሆናል፣ ሰማያዊ ነው ስል አረንጓዴ። በሥዕሉ ላይ ሳይ የቀለም ስህተት ይመስለኝ ነበር። እያንዳንዷ አበባ እንደ ድመት ጥፍር የተቆለመመች ናት። ሌላ ምሳሌ ፈለግኩ፤ አልመጣልኝም።

ዝናቡ ቧንቧውን ዘግተው ቆባቸውን አወለቁ። «እኔ እኮ አልቆላታል ብዬ ነበር» አሉ፤ «እሰይ! እንኳን ዋሸሁ።» ኃላፊው ብዙ ጊዜ ቆመው አዩዋት። ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ዞረው፣ «አንቺ፣ የአጥር መቀስ የሚያስፈልግሽ አይመስለኝም» አሉኝ። መሣሪያ ክፍል ገብቼ አለቀስኩ። በዚህኛው ብዙ አለቀስኩ።

አበባዋ ቁልቁል ነው የምትንጠለጠለው። ከላይ ለሚያያት ሰው ቅጠል ብቻ ናት። እዚያ ላይ እየተቀመጠ ያን ሁሉ የለፋ ሰው የልፋቱን ፍሬ ጭራሽ አላየውም። ይህ ነገር ከንክኖኝ ስልክ ደወልኩ። አንዴ እንደጠራ ምን ልለው እንደሆነ ጠፋኝና ዘጋሁት።

ሚያዝያ 9

ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጀመረ፤ የዓመቱ የመጀመሪያ። መስታወቱ ላይ ጠጠር የሚዘራ ይመስል ነበር። ከመደቦቹ መሃል ቆሜ አዲሱን ጣሪያ ሳዳምጥ በሩ ተበርግዶ ተከፈተ። በያጁ ነው፤ መሰላል በትከሻው፣ ከራስ እስከ እግሩ በስብሶ።

«ያፈሳል ብዬ ነው» አለ። «ትናንት ደወልሽ። ሳነሳው ተዘጋ።»

«አያፈስም» አልኩት።

«ለማንኛውም ልየው።»

መሰላሉን ሊያቆም ሲል ያዝኩት። «ከላይ አይታይም። እዚህ ቁም» አልኩት፤ እኔ ሁልጊዜ የምቆምበት ቦታ ላይ አቆምኩት። ቀና አለ። ውኃው ከፀጉሩ አንገቱ ላይ ይወርዳል፤ አልጠረገውም።

«ይህ ሁሉ ለአንዲት ሐረግ ነው?» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ ግን እንደዚያን ቀኑ አልነበረም።

ያኔ ሳልለው የቀረሁትን ይቅርታ አልኩት። ስለ ቀለሙ፣ ስለ ጩኸቱ፣ ስለ ሰዓቱም። ራሱን ነቀነቀና፣ አሁንም ዓይኑ አበባዋ ላይ ሆኖ፣ «በይ፣ ፍሳሹን እንፈልግ» አለ።

ከአንዱ መጋጠሚያ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ሄደ። አንድ ጠብታ አላገኘም። እስኪመሽ ድረስ ፈለገ፤ እኔም መብራት ያዝኩለት።